ዛጎል ገንዘብ ሊሆን የቻለበት ምክንያት

በአገራችን ዛጎል በአንቀልባ ላይ ተሰፍቶ፥ ወይም በጠንቋይ ፊት ተበትኖ ይታያል። ይሁን እንጂ ዛጎል የአንድ ሕያው ፍጥረት ቤት እንደ ነበረ እምብዛም አናስብም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህ የባሕር ቀንድ አውጣ በሌላው ዓለም እንዴት ገንዘብ ለመሆን እንደ በቃ ለመግለጽ እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊኔየስ በ1758 በላቲን «ሞኔታ»፥ ማለት ገንዘብ፥ ብሎ የሰየመው ይህ ፍጥረት በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች ሞቃት ጠረፍ፥ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ይኖራል። በልጅነቱ ቅርፊቱ ስስ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ቀንድ አውጣዎችም ከአፉ ጠርዝ ላይ እየጨመረ ያድጋል። ለአካለ መጠን ሲደርስ ግን የቅርፊቱ ከንፈር ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ አፉም ይጠብና ጥርስ ያወጣል። ከዚያ ወዲያ ቅርፊቱ ይወፍራል እንጂ አይረዝምም። ደግሞም ስስ የሥጋ እጥፋት ከአፉ እየወጣ ቅርፊቱን ከውጭ ይሸፍነዋል፤ የኖራ ልባስም ስለሚደርብበት ጀርባው እንደ ተወለወለ ያበራል።

እንግዲህ ዛጎል ጠንካራ፥ ትንሽ፥ ለመቁጠር የሚመች፥ ሐሰተኛውን ለመሥራት የሚያስቸግር ነው። ነገር ግን ይህ ብቻውን ዋጋ አይሰጠውም፤ ዋጋውን የሰጠው ርቀት ነው። በ1343 ማልዲቭ ደሴቶች የደረሰው ኢብን ባቱታ፥ በዚያ 400,000 ዛጎል በአንድ የወርቅ ዲናር ይሸጥ እንደ ነበረ ጽፏል። በ1352 ወደ ማሊ በተጓዘ ጊዜ ግን ለአንድ ዲናር የሚሰጠው 1,150 ብቻ ነበረ።

ይህ ትርፍ በኋላ ለክፉ ሥራ ዋለ። የአውሮፓ ነጋዴዎች ዛጎሉን ከማልዲቭ በመርከብ እያመጡ፥ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ሰው ገዙበት። ከ1840ዎቹ ዓመታት ጀምሮም የሐምቡርግ ነጋዴዎች ከዛንዚባር ሌላ የዛጎል ዓይነት በብዛት ስላጋዙ፥ የገንዘቡ ዋጋ ወደቀ፤ ዛጎል ያጠራቀመውም ሰው ሀብቱ በእጁ ላይ ረከሰበት።

ባሕር በሌለበት ደጋ የምናየው ዛጎልም በንግድ የመጣ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ፥ በአንቀልባው ላይ ያለው ዛጎል ከየት ገበያ፥ በምን ዋጋ እንደ ተገዛ እናቶቻችንን ጠይቀን ብንመዘግብ፥ ለታሪክ ጥናት ከፍ ያለ ጥቅም ይኖረዋል።