ኢኖኑ ማን ናቸው?

ግሩፕ ቲዎሪ የወሰዳችሁ ተማሪዎች «ኢኖኑ-ዊግነር ኮንትራክሽን» የሚለውን ስም ታውቁታላችሁ። ዊግነር በ1963 የኖቤል ሽልማት የወሰዱት ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ኢኖኑስ? እኔ ጃፓናዊ ይመስሉኝ ነበር! ለካ የቱርክ ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ የነበሩ ሰው ናቸው።

ኤርዳል ኢኖኑ በ1926 አንካራ ተወለዱ። አባታቸው ኢስመት ኢኖኑ የቱርክ ሁለተኛው ፕሬዝዳንት ነበሩ። ልጅየው ግን ፊዚክስን መርጠው በ1951 ከካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ዶክትሬታቸውን ያዙ። ከዊግነር ጋር የጻፉት ጽሑፍ በ1953 ወጣ። ሐሳቡ ቀለል ተደርጎ ሲነገር እንዲህ ነው፦ የብርሃን ፍጥነት ወሰን የለውም ብለን ብንነሳ የአንስታይን ሲሜትሪ ወደ ጋሊሊዮ ሲሜትሪ ይለወጣል። አንዱ ግሩፕ ከሌላው እንዴት እንደሚወጣ በሒሳብ ያሳዩት እነሱ ናቸው። በኋላም አንካራ በሚገኘው የመካከለኛው ምሥራቅ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ ሬክተርም ሆነዋል።

በ1980 ወታደሩ ሥልጣን ያዘ። ፓርቲዎች ተዘጉ፣ የቀድሞ መሪዎችም ከፖለቲካ ታገዱ። እንግዲህ ያልታገደና ስሙ የሚታወቅ ሰው ሲፈለግ ፕሮፌሰሩ ተገኙ ማለት ነው። በ1983 የሶሻል ዴሞክራሲ ፓርቲን መሠረቱ። ወታደሮቹ ግን እሳቸውንም ስላልተቀበሉ ፓርቲው በዚያ ዓመት ምርጫ ሳይሳተፍ ቀረ። በ1985 ከሌላ ፓርቲ ጋር ተዋሃደ፤ በ1986 እሳቸው የውህዱ ፓርቲ መሪ ሆኑ፤ በ1989 የአካባቢ ምርጫ ደግሞ አንደኛ ወጥቶ ኢስታንቡልን፣ አንካራንና ኢዝሚርን ወሰደ።

በ1991 ከደሚሬል ጋር ጥምር መንግሥት መሥርተው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ከባዱ ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሐምሌ 2 ቀን 1993 ሲቫስ ከተማ ውስጥ ለአሌቪዎች በዓል የመጡ እንግዶች ያረፉበት ሆቴል በቁጡ ሰዎች ተከቦ ተቃጠለ፤ 33 እንግዶችና 2 የሆቴሉ ሠራተኞች ሞቱ። ከበባው ሰዓታት ሲፈጅ መንግሥት አልደረሰላቸውም። ፓርቲያቸውን ይደግፉ ከነበሩት ብዙዎቹ አሌቪዎች ነበሩና ወቀሳው እሳቸውም ላይ አረፈ። ጨዋ ሰው ነበሩ እየተባለ ብዙ ይወራል፤ እውነትም ነው። ግን በእኔ አስተያየት ሲቫስን ዘሎ እሳቸውን ማመስገን አይቻልም።

አስቀድመው ባስታወቁት መሠረት በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የፓርቲውን መሪነት ማንም ሳያስገድዳቸው ለቀቁ። እንዲህ ያለ መሪ እዚያ አገር ብዙም አልታየም። በ1995 ለጥቂት ወራት ብቻ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ወደ ሳይንሱ ተመለሱ። በ2004 በግሩፕ ቲዎሪ ሥራቸው የዊግነር ሜዳሊያ ተሰጣቸው። በ2007 በደም ካንሰር ሂዩስተን ውስጥ አረፉ።