ትርፍ ምግብ «ቡሌ» ከመሆኑ በፊት

ቢስሚላሂ አር-ረሕማን አር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዛሬው ዝግጅታችን ከወሊማና ከምግብ ቤት ስለሚተርፈው ምግብ እንነጋገራለን። ኢስራፍ የተከለከለ መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም የለም። ሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ መብላትና መጠጣትን ከፈቀደ በኋላ ማባከንን ይከለክላል፤ ሱረቱል ኢስራእም አባካኞችን የሸይጣን ወንድሞች ይላቸዋል። ይህ በየኹጥባው የሚነገር ነው። ብዙም የማይነገረው ግን የተረፈው ምግብ ወደ ችግረኛው የሚደርስበት መንገድ ነው።

ፒያሳንና አራዳን የሚያውቅ ሰው «ቡሌ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ከተመጋቢው ሳህን የተራገፈው እንጀራ፣ ወጥ፣ ፓስታ፣ ሩዝና ሰላጣ በአንድ ባልዲ ይደባለቃል፤ በጓሮ በር ይወጣል፤ ከዚያም በፌስታል ወይም በጉርሻ እየተቆጠረ ለጎዳና ልጆችና ለቀን ሠራተኞች ይሸጣል። አዎን፣ ይሸጣል! ይህን አይቶ «ምግቡ የሰው ሆድ ከገባ መቼ ባከነ?» የሚል አይጠፋም።

ለዚህ ጥያቄ ሱረቱል በቀራ 267ኛው አንቀጽ መልስ አለው። ለራሳችን ቢሰጠን ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ በቀር የማንቀበለውን ነገር መርጠን እንዳንመጸውት አላህ (ሱ.ወ.) ከልክሎናል። ሙፈሲሮች እንደሚያስተምሩን፣ በመዲና ድሆች ሙሃጂሮች እንዲበሉት የቴምር ዘለላ መስጂድ ውስጥ ይንጠለጠል ነበር፤ አንዳንዱ ሰው የተበላሸውን እያመጣ ማንጠልጠል ሲጀምር አንቀጹ ወረደ። እንግዲህ ነገሩ አዲስ አይደለም። ያኔ የተበላሸ ቴምር ነበር፣ ዛሬ ባልዲ ነው።

ሰደቃውን ከቡሌ የሚለየው በመጀመሪያ ሰዓቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል፤ ትኩስ ሆኖ የሚቆየው ከ60 ዲግሪ በላይ፣ የሚቀዘቅዘውም ከ5 ዲግሪ በታች መሆን አለበት። በወሊማ ቤት ምሳው በ7 ሰዓት ይቀርባል፤ እንግዳው እስኪሸኝ፣ ቤተሰቡም እስኪያርፍ መግሪብ ይደርሳል። «የተረፈውን ውሰዱ» የሚለው ጥሪ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። «ቢሞቅ ምን አለበት?» የሚሉ እናቶች አሉ። ሙቀት ጀርሙን ይገድለው ይሆናል፤ አንዳንዱ ጀርም ምግቡ ላይ የሚተወው መርዝ ግን ቢፈላም አይጠፋም። ጎዳና ላይ ያለ ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ንጹሕ ውኃም ሆነ መጸዳጃ በቅርቡ አያገኝም። ሰደቃችን ያሳመመው ልጅ በማን ላይ ይቆጠራል?

ስለዚህ ለወጣቶቻችን የምንነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ከድስት ውሰዱ፣ ከሳህን አትውሰዱ። ሳህን ላይ የቀረው የተመጋቢው ኃላፊነት ነው። በረካው በየትኛው ክፍል እንዳለ ስለማይታወቅ ሳህን ተጠርጎ እንዲበላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዘዋል።

ሁለተኛው የዕቃው ጉዳይ ነው፤ በአገራችን ይህ ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። እኛ የሙስሊም እርድ እንበላለን፣ ክርስቲያን ወገኖቻችንም የራሳቸውን። ባልዲ ውስጥ ግን ሁሉም አንድ ላይ ነው። የተራበ ሰው ሃይማኖቱን እንዳይጠይቅ ተደርጎ ይጎርሳል፤ ረሃቡ እንኳ ክብሩን አላስቀረለትም። ስለሆነም ሥጋ ያለበት ዕቃ ለብቻው ይዘጋ፣ የማን እርድ እንደሆነም ይጻፍበት። ሽሮ፣ ምስር፣ አትክልትና እንጀራ ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ከተለዩ በረቡዕና በዓርብ ጾም እንኳ ለሁሉም ይደርሳሉ። ለሙስሊም ብቻ እንስጥ የሚል ካለ፣ አብደላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) በግ በታረደ ጊዜ ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው መድረሱን አስቀድመው እንደጠየቁ ያስታውስ።

ቀድሞ ይህን ሥራ ጎረቤት ይሠራው ነበር። በአሮጌው ፒያሳ ግቢ ውስጥ የተረፈ ወጥ በአጥር ላይ ይተላለፍ ነበር፤ የተረፈ እንጀራም ሳይሻግት ድርቆሽ ይሆን ነበር። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። በ2016 ዓ.ም. በርካታ ነባር መንደሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ተበተነ። አጥሩም ጎረቤቱም አሁን የሉም። በኒን (ኑር) መስጂድ ለጁሙዓ የሚመጣው ሰው ድግስ ቢኖረው ትርፉን የሚያቀብለው ከቤቱ አጠገብ አያገኝም ይሆናል። ያን የጎረቤት እጅ የሚተካ የተደራጀ ወጣት ያስፈልጋል የምንለው ለዚህ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ከተደራጀ ቆይቷል። በአሜሪካ ፊኒክስ ከተማ የመጀመሪያው የምግብ ባንክ በ1967 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ የግብጽ የምግብ ባንክ ደግሞ በ2006 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ተመሠረተ። ይሁንና ሁሉን በሆቴሎች ላይ ማላከክ አያዋጣም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2024 እ.ኤ.አ. እንዳወጣው፣ በ2022 በዓለም ከባከነው 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ 60 በመቶው ከየቤቱ የተጣለ ነው። እኛም ጋ ከየቤቱ የሚጣለው መጨረሻው ቆሼ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት፣ ከሟቾቹ መካከል ከቆሻሻው ለቅመው የሚኖሩ ነበሩበት።

አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ከወሊማ ሁሉ የከፋው ሀብታም ተጠርቶ ድሃ የቀረበት እንደሆነ በሐዲስ ተነግሮናል። ትርፍ ከማመላለስ በፊት ጥቂት ችግረኞችን ከሌላው እንግዳ እኩል ጠርቶ ማስቀመጥ ይበልጣል። ማዕዱ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚበላው ትርፍ አይባልም።

ኒካህ ወይም ዐቂቃ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ከድግሱ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ለመስጂዳችሁ ወጣቶች ንገሩ፦ ስንት ሰው ጠርታችኋል? ማዕዱ በስንት ሰዓት ይቀርባል? ያልተነካውን ድስት ማን ይጠብቃል? ክዳን ያለው ዕቃስ ስንት አላችሁ? ልጆቹ ማዕዱ በተነሳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በር ላይ እንዲቆሙ ቅጠሯቸው፤ ሲመጡም እንዳይጠብቁ።