ጀልባው ሲቀርብ ዓሣ ነባሪው ይርቃል

በደስማ የምትሠሩ እህቶች፣ ከማዳም ቤተሰብ ጋር ወደ ኦማን ለሽርሽር ከሄዳችሁ ጀልባ ላይ መውጣት አይቀርም። ከሙስካት የሚነሡ ጀልባዎች ለቱሪስት ዶልፊን ያሳያሉ፤ ዕድል ከቀናም ዓሣ ነባሪ ይታያል።

በዓረብ ባሕር የሚኖረው ሃምፕባክ የተባለው ዓሣ ነባሪ ግን ሊጠፋ የተቃረበ ነው። ሌሎች ሃምፕባኮች በየዓመቱ ከቀዝቃዛ ወደ ሞቃት ባሕር ሄደው ይመለሳሉ፤ ይሄኛው ከዚያው አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሶቪየት መርከቦች 242 ያህሉን ገደሉ። ዛሬ በኦማን ዳርቻ የሚገመተው ቁጥር ከ100 በታች ነው።

ዋና ጠላቶቹ የዓሣ መረብና ትላልቅ መርከቦች ናቸው። ጎብኚም የራሱ ጉዳት አለው። ጀልባ ሲያሳድደው መብላቱንና ማረፉን ትቶ ይጠልቃል። ግልገል የያዘች እናት ለማጥባት የሚያስፈልጋትን ጉልበት በሽሽት ትጨርሳለች። የሞተር ጩኸትም የሚጠራሩበትን ድምፅ ይውጠዋል።

ሥራው ይቅር አንልም፤ በሕይወት ያለ ዓሣ ነባሪ ለጀልባ ባለቤቱ በየዓመቱ እንጀራ ነው። በብዙ አገሮች ደንቡ ቢያንስ 100 ሜትር መራቅ፣ ከፊት አለመዝጋት፣ በእናትና በልጅ መካከል አለመግባት ነው።

ጀልባ ነጂውን ማዘዝ የእናንተ ሥልጣን ላይሆን ይችላል። ልጆቹ ግን በእጃችሁ ናቸው። «ቅረብ! ቅረብ!» ብለው ሲጮኹ «ሽወይ ሽወይ» በሏቸው፤ የቺፕሱን ላስቲክም ባሕር ውስጥ እንዳይጥሉ ተቀበሏቸው። ልጅ በትንሽነቱ የለመደውን አይረሳም፤ ነገ ጀልባ የሚከራየው እሱ ነው።