የወረፋ ሒሳብና የዛፍ ጥላ

በውጭ አገር ተምሮ የሚመለስ ሰው በቅድሚያ የሚፈተነው በዕውቀቱ ሳይሆን በትዕግሥቱ ነው። እኔም ዶክትሬቴን ይዤ በተመለስሁበት ዓመት የትምህርት ማስረጃዬን ለማረጋገጥ ከመስኮት ወደ መስኮት ስመላለስ ሦስት ወራት አለፉ። «ነገ ይመለሱ»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «አንድ ማኅተም ይጎድላል» የሚሉትን መልሶች አብዛኛው አንባቢ ያውቃቸዋል። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ የመመለሻ ቲኬት ዋጋ እስከ መጠየቅ ደርሼ ነበር።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ አዲስ ቅዳም ሄድሁ። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ኮረብታዎች ላይ ገበሬው ለከሰል የሚያለማው ዲከረንስ የተባለ የአውስትራሊያ ግራር ተንጣሎ ይታያል። ዛፉ ለመቆረጥ አራት አምስት ዓመት ይፈልጋል፤ እስከዚያው ግን በሥሩ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት የአየርን ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ያስገባል። ከጥላው ሥር ተቀምጠን ብሶቴን ስነግረው አጎቴ ሳቀ። «አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለትምህርት ታግሠህ ሦስት ወር አቃተህ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አእምሮዬ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ወረፋው በንዴት ሳይሆን እንደ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ማሰብ ጀመረ።

ወረፋ ሕግ አለው

የወረፋን ሒሳብ የጀመረው በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ ነው፤ የመጀመሪያ ጽሑፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1909 ነበር። በሰዓት በአማካይ 10 ሰው ማስተናገድ የሚችል አንድ ሠራተኛ እንውሰድ። ባለጉዳዮች በዘፈቀደ፣ በአማካይ በሰዓት 5 ሆነው ቢመጡ እያንዳንዱ ገብቶ እስኪወጣ 12 ደቂቃ ይፈጅበታል። 9 ቢመጡ ግን 1 ሰዓት ይሆናል። ቁጥሩ ወደ 10 በተጠጋ መጠን ጥበቃው ያለ ገደብ ያድጋል። ሠራተኛው አልሰነፈም፤ አቅሙ ሞልቷል እንጂ።

«ነገ ይመለሱ» የሚለው መልስ ችግሩን ያባብሰዋል፤ የተመለሰው ሰው ነገ እንደገና ይሰለፋልና አንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። መፍትሔም አለ። እንዲህ ያሉ ሁለት መስኮቶች በየራሳቸው ወረፋ በሰዓት 9 ሰው ሲመጣላቸው ጥበቃው 1 ሰዓት ነው፤ ሁለቱ አንድ የጋራ ወረፋ ቢያስተናግዱ ግን ወደ 32 ደቂቃ ይወርዳል። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም ባለጉዳዩን ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት መንከራተት ለማዳን የታሰበ ነው።

ጥላው ምን አደረገ?

ይህን ሁሉ ወረፋው ላይ ቆሜ ያላሰብሁት ለምንድን ነው? የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሬቸልና ስቲቨን ካፕላን እንደሚሉት በግድ የምናተኩርበት ኃይል ይደክማል፤ ተፈጥሮ ያለ ጥረት ትኩረታችንን ስትስብ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪች ባሳተመው ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በመስኮታቸው ዛፍ ያዩ የነበሩ 23 ሕሙማን የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት 23 ሕሙማን ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ ወደ 20,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ በተፈጥሮ ውስጥ የሚያሳልፉ ሰዎች ጤንነታቸው ጥሩ መሆኑን የመናገር ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ተዛምዶ እንጂ የምክንያት ማረጋገጫ አይደለም፤ ጤነኛ ሰው ይበልጥ ሊንሸራሸርም ይችላልና። እኔ ግን 120 ደቂቃዬን በአዲስ ቅዳም ጥላ ሥር ወይም በእንጅባራ አቅራቢያ ባለው የዘንገና ሐይቅ ዳርቻ ማሳለፍ ልማዴ ሆኗል።

ሰኞ ተመልሼ የሚያስፈልጉትን ማስረጃዎች ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ እንዲጽፉልኝ ለመንሁ። ጉዳዬ በሁለት ሳምንት አለቀ።

ዛሬ ፊርማ የምሰጠው እኔ ነኝ። በአንድ የሰኔ ቀን ክሊራንስ ሊያስፈርሙ የመጡ ተማሪዎች በቢሮዬ በር ላይ ተሰልፈው ሳገኝ ሦስቱን «ነገ ተመለሱ» ብዬ ሸኘሁ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ አወቅሁት። በማግሥቱ ማሟላት ያለባቸውን ዝርዝር ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍሁ። ወረፋው አልጠፋም፤ አጥሯል ግን።