እምቢ ያለ ማርሽ በጉልበት አይገባም

(በሬዲዮ ከተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር የተወሰደ)



በሐዋሳ ከተማ ከታቦር ተራራ ሥር እስከ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ድረስ ሰውንና ዕቃን ሲያመላልሱ ከሚውሉት መካከል ሞተር ብስክሌትና ባለሦስት እግሩ ባጃጅ በብዛት ይገኛሉ። ሹፌሩ የሚያድረው በዕለት ገቢው ነው፤ ተሽከርካሪው የራሱ ካልሆነም ከዚያው ገቢ ላይ ለባለንብረቱ የሚያስረክበው ሒሳብ አለበት። ስለዚህ ማርሹ አልገባም ባለ ዕለት የሚቆመው ተሽከርካሪው ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡም እንጀራ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ በመስቀለኛ መንገድ መካከል ማርሽ እምቢ ሲል በተሳፋሪውና በእግረኛው ላይ የሚያመጣው አደጋ ነው።

እንዲህ ያለ ችግር ሲደርስ ብዙ ሰው ወዲያውኑ «ካምቢዮው ተበላሽቷል» ብሎ ይፈርዳል፤ ሞተሩም ይፈታል፤ ገንዘብም በከንቱ ይወጣል። በዛሬው ንግግራችን የምናስረዳው ምርመራ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከቀላሉም ወደ ከባዱ መሄድ እንደሚገባው ነው።

በመጀመሪያ ማርሽ ለምን እንደሚያስፈልግ እንመልከት። ሞተር በቂ ኃይል የሚሰጠው በተወሰነ የመሽከርከር ፍጥነት ስለ ሆነ፣ ከቆመበት ለመነሣትና ዳገት ለመውጣት አንድ ዓይነት፣ በሜዳ ለመገስገስ ደግሞ ሌላ ዓይነት የጥርስ ምጣኔ ያስፈልገዋል። ከቀድሞዎቹ ሞተር ብስክሌቶች ብዙዎቹ አንድ ማርሽ ብቻ ነበራቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1911 በማን ደሴት የሚደረገው እሽቅድምድም ወደ ተራራማ መንገድ በተዛወረ ጊዜ ግን፣ ሁለት ማርሽ ያላቸው የአሜሪካ «ኢንዲያን» ሞተር ብስክሌቶች ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን ደረጃ ወሰዱ፤ የማርሽም ጥቅም ለሁሉ ታወቀ። ማርሽ፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ የምንላቸው ቃላት ወደ ቋንቋችን የገቡት ከጣሊያንኛ ነው።

በካምቢዮው ውስጥ ጥርሶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሁልጊዜ እንደ ተያያዙ ይዞራሉ፤ ነገር ግን ከየጥንዱ አንዱ ከዘንጉ ጋራ ስላልታሰረ በባዶ ይሽከረከራል። ማርሽ ማስገባት ማለት፣ በጎኑ ጉጥ ያለው ጥርስ በዘንጉ ላይ ተንሸራትቶ ከጎረቤቱ ጋራ ሲቆላለፍ ማለት ነው። የሚገፋው ሹካ መሰል ብረት ነው፤ ሹካውን የሚመራው ቦይ የተቀረጸበት ከበሮ መሰል ብረት ነው፤ ይህንንም የሚያዞረው የእግር ፔዳል፣ ወይም በባጃጅ በግራ እጅ የሚጠመዘዘው መያዣ ከገመዶቹ ጋራ ነው። ፍሪሲዮኑ የሞተሩን ኃይል በሚገባ ካላቋረጠ ጉጦቹ በግፊት ተጣብቀው ስለሚቀሩ መንሸራተት አይችሉም።

እነሆ የመጀመሪያው ፈተና፦ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሥቶ፣ ባጃጅ ከሆነ በክሪክ አስደግፎ፣ ጎማውን በእጅ እያዞሩ ማርሾቹን በተራ ማስገባት ነው። ጎማው ሳይዞር ማርሽ ባይገባ ጉጥ ከጉጥ ፊት ለፊት ስለ ተጋጠመ ሊሆን ይችላልና እንደ ብልሽት አይቈጠርም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ሁሉም በሰላም ገብተው ሞተሩ ሲነሣ ግን እምቢ ቢሉ፣ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ፍሪሲዮኑ እንጂ ካምቢዮው አይደለም።

የፍሪሲዮን እጀታ ጫፍ ኃይል ሳይሰማው የሚሄደው ልል ጉዞ በብዙዎቹ ዘንድ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ልሉ ሲበዛ ፍሪሲዮኑ ፈጽሞ አይላቀቅም፤ ልሉ ሲጠፋ ደግሞ እየተንሸራተተ ሸራው ይቃጠላል። ክሩ የተበጣጠሰ ገመድ መቀየር አለበት። ከዚህ ቀጥሎ ዘይቱ ይታያል። በአብዛኞቹ ባለአራት ምት ሞተር ብስክሌቶች ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው የሚጠቀሙት አንዱን ዘይት ነው። ያረጀ ዘይት ሸራዎቹን ያጣብቃል፤ ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም የገባበት የመኪና ዘይት ደግሞ ሊያንሸራትታቸው ይችላል። በጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ምልክት ያለበት ዘይት በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የሚስማማ ነው።

ፍሪሲዮኑ ደኅና ሆኖ ከተገኘ መለወጫው ይመረመራል። ፔዳሉ በዘንጉ ላይ ላልቶ ወይም በውድቀት ተጣሞ እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል። በባጃጅ ላይ መያዣው የሚያሳየው ቁጥር ካምቢዮው ካለበት ማርሽ ጋራ ካልተስማማ፣ ሁለቱንም ዜሮ ላይ አድርጎ የማርሽ ገመዶቹን ማስተካከል ነው። ፔዳሉ ተረግጦ ወደ ቦታው ካልተመለሰ መላሹ ሞላ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በብዙዎቹ ላይ የፍሪሲዮኑን ክዳን በመክፈት ስለሚደረስበት ሞተሩን ለሁለት መፍታት አያስፈልግም።

ካምቢዮውን ለመክፈት የሚያስገድደው ምልክት ግን ሌላ ነው። አንድ የታወቀ ማርሽ ከገባ በኋላ ቤንዚን ሲሰጠው እየዘለለ ቢወጣ፣ የጉጡ ማዕዘን ተበልቷል ወይም ሹካው ተጣሟል። በዚህ ጊዜ የሚቆላለፉት ሁለቱ ጥርሶች አብረው ይለወጣሉ፤ አንዱ አሮጌ ሆኖ ከቀረ አዲሱን ይበላዋልና። ዘይቱ ሲፈስስ ጥቂት ግራጫ ዱቄት ቢታይ የተለመደ ነው፤ የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ስባሪው ሌላውንም እንዳያጠፋ ሞተሩን ማስነሣት አይገባም።

ወደ ጋራዥ የሚሄድ ሰው «ማርሹ አስቸገረኝ» ብቻ ከማለት ይልቅ፣ የትኛው ማርሽ፣ ሞተሩ ሲሠራ ነው ወይስ ጠፍቶ፣ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ የሚለውን ለይቶ ቢናገር መካኒኩን ከድካም፣ ራሱንም ከወጪ ያድናል። ፍሪሲዮን ሳይጨብጡ መለወጥ፣ እግርን በፔዳሉ ላይ አሳርፎ መንዳት፣ ባጃጁ ፈጽሞ ሳይቆም የኋላ ማርሽ ማስገባት፣ ይልቁንም እምቢ ያለውን ማርሽ እየረገጡ መታገል፣ የጥቂት ብር ገመድ ሊያድነው የሚችለውን ካምቢዮ ለጥፋት ይዳርጋሉ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነውና፣ ሹፌር ሁሉ ጧት ከመውጣቱ አስቀድሞ እጀታውን፣ ገመዱንና ዘይቱን ይመልከት።