ሕዝበኝነት በዕርዳታ ቢሮ መስኮት ላይ

ስለ አውሮፓ ቀኝ ዘመም ሕዝበኞች ሲወራ አብዛኞቻችን የምናስበው ስለ ምርጫ ውጤት፣ ስለ ድንበር አጥርና መድረክ ላይ ወጥተው ስለሚጮኹ ፖለቲከኞች ነው። በጋዜጦቻችንም ጉዳዩ የሚነሣው አንድ ፓርቲ ባልተጠበቀ ሁኔታ ብዙ ወንበር ያገኘ ዕለት ነው። ለእኔ ግን ነገሩ ጎልቶ የሚታየው ከፓርላማው አዳራሽ ይልቅ ድኻ ተሰልፎ በሚቆምበት የማኅበራዊ ድጋፍ ቢሮ መስኮት ላይ ነው። ፖለቲከኛው “ሕዝቡ” ሲል ማንን ማለቱ እንደሆነ፣ ማንንስ እንዳወጣ የሚታወቀው እዚያ ነውና። ይህንን በሃንጋሪና በኦስትሪያ ሕጎች አማካይነት ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ሕዝበኝነት ምንድን ነው?

ሕዝበኝነት ወይም ፖፑሊዝም ሲባል ለሕዝብ መቆርቆር የሚመስለው ሰው አለ። ቃሉ ግን ከዚያ የተለየ ትርጉም አለው። ሆላንዳዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ካስ ሙደ በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ ሕዝበኝነትን ኅብረተሰቡን በአንድ ወገን ንጹሕ ሕዝብ፣ በሌላ ወገን ብልሹ ልሂቃን አድርጎ ለሁለት የሚከፍል አስተሳሰብ እንደሆነ ገልጾታል። ጀርመናዊው ያን ቬርነር ሙለር ደግሞ በ2016 በጻፈው መጽሐፍ አንድ ነገር ያክልበታል። ልሂቃንን መተቸት ብቻውን ማንንም ሕዝበኛ አያደርግም። ሕዝበኛ የሚያሰኘው “እውነተኛውን ሕዝብ የምወክለው እኔ ብቻ ነኝ” ማለቱ ነው። እንዲህ የሚል ሰው ተቃዋሚውን እንደ ተፎካካሪ ሳይሆን ከሕዝብ ውጪ እንደሆነ ጠላት ነው የሚያየው።

ቀኝ ዘመሙ ሕዝበኛ በዚህ ላይ ሦስተኛ ወገን ይጨምራል። ወደ ላይ ልሂቃኑን ይከስሳል፣ ወደ ታች ደግሞ ስደተኛውን፣ ሮማውን፣ ቤት አልባውን ይጠቁማል። ልሂቃኑ የእናንተን ገንዘብ ለእነዚህ እየሰጡባችሁ ነው ይላል። የማኅበራዊ ድጋፍ ሥራ የፖለቲካው ማዕከል ውስጥ የሚገባውም በዚህ በር ነው።

ይህ ስብከት ጆሮ የሚያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። በሃንጋሪ የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ፈረንጽ ጁርቻኝ በግንቦት 2006 በዝግ ስብሰባ ለፓርቲያቸው ሰዎች ሕዝቡን ሲዋሹት እንደነበር የተናገሩበት ድምፅ በመስከረም ወር አፈትልኮ ወጣ። ከዚያ የ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ መጣና በውጭ ምንዛሪ ቤት የገዙ ብዙ ቤተሰቦች ዕዳቸው ከአቅማቸው በላይ ሆነባቸው። ልሂቃኑ ዋሽተውናል የሚለው ክስ እንግዲህ ተራ ፈጠራ አልነበረም። ችግሩ ያለው ክሱ ላይ ሳይሆን የተሰጠው መድኃኒት ላይ ነው።

ሃንጋሪ፦ ጎዳና ላይ ማደር በሕገ መንግሥት ሲከለከል

በ2010 በቪክቶር ኦርባን የሚመራው ፊደስ ፓርቲ ከአጋሩ ጋር 53 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ ከ386 ወንበሮች 263ቱን ያዘ። ይህም ሕገ መንግሥት ለመለወጥ የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። አዲሱ ሕገ መንግሥት በ2011 ጸድቆ በጥር 2012 ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ሰሞን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ዳኞች ቁጥር ከ11 ወደ 15 ከፍ አለ፣ የዳኞች አመራረጥ ደንብም ተለወጠ።

አሁን አንዱን ጉዳይ ብቻ እንከተል። ጎዳና ላይ ማደርን የሚያስቀጣ ሕግ ወጥቶ ነበር። በኅዳር 2012 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የሰውን ክብር ይነካል ብሎ ሻረው። መንግሥት ሕጉን ከማስተካከል ይልቅ በመጋቢት 2013 ሕገ መንግሥቱን አሻሻለና ማዘጋጃ ቤቶች እንዲህ ያለ ክልከላ ማውጣት እንዲችሉ ፈቀደ። በሰኔ 2018 እንደገና ተሻሽሎ በአደባባይ ላይ መኖር በመላ አገሪቱ በሕገ መንግሥት ተከለከለ። ከጥቅምት 15 ቀን 2018 ጀምሮ ፖሊስ በዘጠና ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ ያስጠነቀቀው ቤት አልባ ለአራተኛ ጊዜ ከተገኘ ተይዞ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ተደረገ። ቅጣቱ የጉልበት ሥራ ወይም እስራት ነበር። በሰኔ 2019 ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤቱ ተመልሶ ሲሄድ ፍርድ ቤቱ ክልከላውን አጸናው።

የሕግ ተማሪ ሳለን ሕገ መንግሥት ብዙኃኑ ትንሹን እንዳይውጠው የሚያደርግ አጥር ነው ተብለን ተምረናል። በሃንጋሪ የሆነው ግን አጥሩ ራሱ ትንሹን ለማባረሪያ መዋሉ ነው። ማንም ታንክ አላወጣም። ሁሉም ነገር በድምፅ ብልጫ፣ በአንቀጽና በንዑስ አንቀጽ ተከናወነ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚለው የአባቶች አባባል እንዲህ በሕገ መንግሥት ተጽፎ ማየት ያሳዝናል።

በዚያው በሰኔ 2018 ሌላ ሕግ ወጣ። ጥገኝነት ጠያቂዎችን በተደራጀ መንገድ የሚረዳ ሰው እስከ አንድ ዓመት እንዲታሰር የሚፈቅድ ነበር። የመረጃ ወረቀት ማዘጋጀትና ማደል ጭምር ሊያስከስስ ይችል ነበር። እዚህ ላይ ወንጀል የተባለው የረጂው ሥራ መሆኑን ልብ ይሏል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሕጉ የኅብረቱን ሕግ ይጥሳል ብሎ የወሰነው በኅዳር 2021 ነው። ከሦስት ዓመታት በላይ መዘግየቱ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ደግሞ አንድ ትንሽ በጎ አድራጎት ድርጅት ሠራተኞቹም ለጋሾቹም ይሸሹታል።

ኦስትሪያ፦ ዜጋውንም ያገኘ ሕግ

በኦስትሪያ የሕዝብ ፓርቲና የቀኝ አክራሪው የነጻነት ፓርቲ ጥምር መንግሥት በ2019 አዲስ የማኅበራዊ ድጋፍ ሕግ አወጣ። ቢያንስ 35 በመቶ የሚሆነው ድጋፍ በቋንቋ ችሎታ ላይ የተመሠረተ ሆነ። ተረጂው መካከለኛ ደረጃ ያለው ጀርመንኛ ወይም ከፍተኛ ደረጃ ያለው እንግሊዝኛ ማወቅ ነበረበት። ለልጆች የሚከፈለው ደግሞ ከመነሻው መጠን ለመጀመሪያው ልጅ 25 በመቶ፣ ለሁለተኛው 15 በመቶ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ላሉት 5 በመቶ ብቻ እንዲሆን ተደነገገ።

የሕጉ ዓላማ ብዙ ልጅ ያላቸው የስደተኛ ቤተሰቦች እንደሆኑ ግልጽ ነበር። ሕግ ግን በጥቅል ቃል ነው የሚጻፈው። “ሦስተኛ ልጅ” ሲባል የኦስትሪያዊው ድኻ ሦስተኛ ልጅም ይገባበታል። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 2019 ሁለቱንም ድንጋጌዎች ሻረ። ብዙ ልጅ ባላቸው ቤተሰቦች ላይ የሚደረገው አድልዎ ምክንያት የለውም አለ። ሥራ ለማግኘት ሁልጊዜ ያን ያህል ቋንቋ እንደማያስፈልግና በሕመም ወይም ፊደል ባለመቁጠር ምክንያት ቋንቋውን መድረስ የማይችሉም እንዳሉ አመለከተ።

የሁለቱን አገሮች ልዩነት ልብ ይበሉ። በቪየና ፍርድ ቤቱ ሻረ፣ ውሳኔውም ጸና። በቡዳፔስት ፍርድ ቤቱ ሲሽር ሕገ መንግሥቱ ተለወጠ። ለድኻው በመስኮቱ ላይ የሚጠብቀው መልስ የተመካው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ባለሙያው ምን ይሁን?

ማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም ሶሻል ወርከር የምንለው ሰው ገለልተኛ የቅጽ ሞይ አይደለም። ሙያው ከሰብዓዊ መብትና ከማኅበራዊ ፍትሕ ጋር የተሳሰረ መሆኑ በ2014 በጸደቀው ዓለም አቀፍ ትርጓሜው ላይ ሰፍሯል። ለዚህም የታሪክ ምክንያት አለ። በጀርመን ለሙያው መሠረት ከጣሉት አንዷ የሆነችው አሊስ ሰሎሞን በ1908 በርሊን ውስጥ የሴቶች የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት ከፈተች። የአይሁድ ትውልድ ስለነበራት በ1937 ከአገር ተባረረችና በ1948 ኒውዮርክ ውስጥ አረፈች። በናዚ ዘመን ግን ሙያው ራሱ አልተዘጋም። በሐምሌ 1933 በወጣው ሕግ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ 400,000 ያህል ሰዎች እንዳይወልዱ ሲደረግ፣ ለዚህ የዋለው መረጃ ከፊሉ የተሰበሰበው በድጋፍ ሠራተኞች እጅ ነበር። ቤት ለቤት ዞሮ የቤተሰብን ጓዳ የሚያውቅ ባለሙያ መዝገቡን ለማን እንደሚሰጥ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ይህ ማለት ግን ባለሙያው የሕዝበኛ ፓርቲ መራጮችን ይናቅ ማለት አይደለም። የኤሰንን ጉዳይ እንመልከት። በዚህች የጀርመን ከተማ ለድኾች ምግብ የሚያድል በጎ አድራጎት ድርጅት በጥር 2018 አዳዲስ የውጭ ዜጎችን መመዝገብ አቆመ። ምክንያቱም ከተመዝጋቢዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ የውጭ ዜጎች ሆነው ጀርመናዊ አሮጊቶችና ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች እየቀሩ ነው የሚል ነበር። ጉዳዩ አገሩን አነጋገረ፣ ቻንስለር አንጌላ ሜርክል ጭምር ተቹት። በሚያዝያ ወር ክልከላው ተነሣ። በእኔ አስተያየት ክልከላው ስሕተት ነበር፣ ሰውን በችግሩ ሳይሆን በፓስፖርቱ መለየት ነውና። ነገር ግን አሮጊቷ ከሰልፉ መቅረቷም እውነተኛ ችግር ነበር። ለእሷ የተለየ ሰዓት ወይም ቤቷ የሚያደርስላት ሰው ካልተገኘ ነገ ሕዝበኛው መጥቶ ብቸኛ ወዳጇ እኔ ነኝ ይላታል። የታረዘውን የአገር ልጅ የዘነጋ የመብት ተሟጋች ለሕዝበኛው መንገድ ጠራጊ ነው።

ለእኛስ?

የኢትዮጵያ ፖለቲካ የራሱ ገጽታ ስላለው የአውሮፓን ስም ወስዶ መለጠፍ ትክክል አይመስለኝም። አንድ መሣሪያ ግን እናውቃለን። ሃንጋሪ በ2017 ከውጭ ገንዘብ የሚያገኙ ማኅበራት እንዲመዘገቡና ይህንኑ በይፋ እንዲገልጹ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2020 ሕጉን ተቃውሞ ወሰነ። በእኛ አገር የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዓ.ም. ከዚያም የጠበቀ ነበር፤ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዓ.ም. እስከ ተተካበት ድረስ ዐሥር ዓመት ቆይቷል። የሁለቱ መንግሥታት ርዕዮተ ዓለም ለየቅል ቢሆንም ሁለቱም የድኻውን ጠበቃ “የባዕድ እጅ” አድርገው ነው ያዩት።

ስለዚህ አንድ ፖለቲከኛ፣ የየትኛውም ወገን ይሁን፣ “ሕዝቡ” ብሎ ሲጀምር እኛ የተማርን ነን የምንል ሰዎች ሁለት ነገር መጠየቅ ይኖርብናል። ከዚህ ቃል የወጣው ማን ነው? የወጣውስ ሰው የዕርዳታ ቢሮው መስኮት ላይ ሲደርስ ምን ይባላል? የመጀመሪያውን ጥያቄ ተናጋሪው በቃላት ሊያልፈው ይችላል። ሁለተኛውን ግን ሕጉና መመሪያው ይመልሱታል፣ እነሱን ደግሞ ማንበብ እንችላለን።

ቸር እንሰንብት።