የኮምፒዩተር ጨዋታ አልጫን ሲል

በዘመናችን ኮምፒዩተር የሥራ ብቻ ሳይሆን የመዝናኛም መሣሪያ መሆኑን የማያውቅ ተማሪ የለም። ይሁን እንጂ አንዱን ጨዋታ በፍላሽ አምጥተን ለመጫን ስንሞክር ማሽኑ እንቢ የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። ከጓደኞቼ አብዛኞቹ ያን ጊዜ መልእክቱን ሳያነቡ ዘግተው ያንኑ ይደጋግማሉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ ትርፉ ድካም ነው። ደግሞም ብዙዎቻችን ያለን ኮምፒዩተር ከወላጆቻችንና ከታላላቆቻችን ጋር የምንጋራው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ቢበላሽ የሚጐዳው የቤቱ ሰው ሁሉ ነው። ስለዚህ ከንባብና ከልምምድ ያገኘሁትን ለአንባቢዎች በአጭሩ ላቀርብ እወዳለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የስሕተቱን መልእክት ቃል በቃል በወረቀት መጻፍ ይገባል። ሐኪም የሕመምተኛውን ቃል ሳይሰማ መድኀኒት አያዝም፤ እኛም መልእክቱን ሳናነብ መፍትሔ አናገኝም።

አንደኛው ምክንያት ቦታና ፍላሽ ነው። ታሽጎ የመጣ ጨዋታ ሲፈታ ለጥቅሉም ለተፈታውም ቦታ ይፈልጋል፤ ጥቅሉ 30፣ የተፈታው 50 ጊጋባይት ቢሆን በጠቅላላው 80 ያስፈልጋል ማለት ነው። ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ «ፋይሉ እጅግ ትልቅ ነው» የሚል መልእክት ከመጣ ግን ፍላሹ የተዘጋጀው ፋት 32 በተባለው ሥርዐት ነው። ይህ ሥርዐት 4 ጊጋባይት የሚሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። መፍትሔው በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ማድረግ ነው፤ ነገር ግን ፎርማት በውስጡ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ግዴታ ነው። «ሲአርሲ» የሚል ስሕተት ሲታይ ደግሞ ፋይሉ ተበላሽቷልና ከምንጩ እንደገና መገልበጥ ይሻላል።

ሁለተኛው የዲኤልኤል ፋይል መጥፋት ነው። ዲኤልኤል ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት አጋዥ ፋይል ነው። የጠፋው ስም «ኤምኤስቪሲፒ 140» ወይም «ቪሲራንታይም 140» ከሆነ፣ የጐደለው ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ጥቅል ነው። ባለ 64 ቢት ኮምፒዩተር ያለው ሰው የ32ቱንም የ64ቱንም ይጫን፤ ባለ 32 ቢት ጨዋታ የሚፈልገው የራሱን ዐይነት ነውና። «ዲ3ዲኤክስ9» የሚል ስም ከታየ ግን ጨዋታው የቆየ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 አዲሱን ዳይሬክትኤክስ ይዘው ቢመጡም እነዚህን የቆዩ ፋይሎች አይዙም፤ የሚገኙትም በጁን 2010 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥቅል ውስጥ ነው። ነጠላ ዲኤልኤል ካልታወቀ ቦታ ማምጣት ግን ሌባን በመስኮት እንደ ማስገባት ነው።

ሦስተኛው ለእኛ አገር ተማሪ ልዩ ነው። አንዳንድ ሰው የኮምፒዩተሩን ዓመተ ምሕረት በእኛ አቈጣጠር ይሞላል። ማሽኑ ግን ቍጥሩን በአውሮፓ አቈጣጠር ስለሚያነበው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ጨዋታውን ከኢንተርኔት የሚያወርደው ፕሮግራም የሚመረምረው የጥበቃ ምስክር ወረቀት መጀመሪያና መጨረሻ ቀን አለው፤ ቀኑ ገና አልደረሰም ብሎ ግንኙነቱን ይቈርጣል። ቀኑ ተስተካክሎ ማሽኑ በጠፋ ቍጥር የሚመለስ ከሆነ በዋናው ሰሌዳ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ደክማለችና ትለወጥ። እንዲሁም የተጠቃሚው ስም በአማርኛ ፊደል ከተጻፈ፣ አንዳንድ የቆዩ መጫኛዎች የፎልደሩን ስም ማንበብ ስለሚያቅታቸው ይቋረጣሉ። በላቲን ፊደል ሌላ የተጠቃሚ ስም ከፍቶ መሞከር ነው።

በመጨረሻ ስለ አንቲቫይረስ ልናገር። ከተሰረቀ ጨዋታ ጋር ብዙ ጊዜ «መጀመሪያ አንቲቫይረስህን ዝጋ» የሚል መመሪያ አብሮ ይመጣል። በሠፈራችን አንድ ቤት ይህን ምክር ተከትለው የጫኑት ጨዋታ ፋይሉን ሁሉ ቈልፎ ገንዘብ ጠየቀ፤ የታላቅ እኅታቸው የመመረቂያ ጽሑፍም አብሮ ቀረ። ሌላው ችግር ሁሉ በትዕግሥት ይታረማል፤ ይህ ግን ቅጂ ከሌለ መመለሻ የለውም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ መልእክቱን እናንብብ፣ አንድ በአንድ እንሞክር፣ የቤተ ሰቡንም ሥራ አስቀድመን በሌላ ቦታ እናስቀምጥ። ጨዋታ ነገም ይደርሳል።